ዚፑን ማን ይዝጋላት?

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ አበው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በትክክል የገባኝ ግን እቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ያውም በምን መሰላችሁ? በዚፕ! ማንም ልብ በማይላት፣ ከልብሱ ሁሉ ርካሽ በሆነችው ነገር።

"ስለ ዚፕ ደግሞ ምን የሚወራ አለ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ጨርቅ ለመምረጥ መርካቶን ሦስት ጊዜ እዞራለሁ። ክሩን ከጨርቁ ጋር ከሱቅ ውጭ አውጥቼ በፀሐይ አስተያያለሁ። ዚፕ ላይ ስደርስ ግን "ቀለሙ ከሄደ ይበቃል፣ አንድ ስጠኝ" ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ወርወር! ይህ ስንፍናዬ ሁለት ጊዜ ቀጥቶኛል። የመጀመሪያው ሰውን አሳቀብኝ፤ ሁለተኛው ግን እኔን አስለቀሰኝ። ከሚያስቀው ልጀምር።

ከጥቁር ገበርዲን ጠበቅ ያለች ጉርድ ቀሚስ ለራሴ ሰፋሁ። ልክክ ብላ ተቀመጠችልኝ። መስታወት ፊት ዞር ዞር እያልኩ ራሴን አደነቅኩ። በማግስቱ ለብሻት ለሥራ ወጣሁ። ታክሲ ልገባ ጎንበስ ስል ከኋላዬ "ጥርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እጄን ወደ ኋላ ብልክ ዚፑ ከላይ እስከ ታች ተከፍቷል! ወደፊት እንዳልገባ የተቀመጡት ሰዎች ያዩኛል፤ ወደኋላ እንዳልመለስ ተሰልፈው የሚጠብቁት ያዩኛል። ረዳቱ "ግቢ እንጂ እህት፣ መንገድ ዘጋሽ እኮ!" ይላል። ደግነቱ ሹራብ ይዤ ነበር። እሱን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ፣ እንደታሰረም ዋለ። ቢሮ ውስጥ "ምነው፣ ዛሬ አሞሻል እንዴ?" ያላለኝ ሰው የለም።

ማታውኑ ጉርዷን ጠቅልዬ ሰፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በስፌት መኪና ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ ይቺ ዚፕ ጉድ ሠራችኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጓትና ሳቁ።

"ልጄ፣ እሷ ምን አጠፋች? ይቺ እኮ የትራስ ልብስ መዝጊያ ናት። በጥጃ ጫንቃ ላይ ቀንበር የጫንሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ከእሳቸው የተማርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍለው።

ዚፕ በጥርሱ ይለያል። አንደኛው የብረት ነው፤ ከነሐስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ። ጠንካራ ነው፣ ለጅንስና ለካኪ ሱሪ የሚሆነው እሱ ነው። ግን ይከብዳል፣ አንድ ጥርሱ ከወለቀ ደግሞ አለቀለት። ሁለተኛው የናይለን ነው። ይህ ጥርስ ይባል እንጂ ጥርስ የለውም፤ እንደ ምንጭር የተጠማዘዘ ቀጭን የናይለን ክር ነው። ቀላልና ተጣጣፊ ስለሆነ ለቀሚስ፣ ለጉርድ፣ ለስስ ጨርቅ ተመራጭ ነው። ሲፈነዳም ብዙ ጊዜ ራሱን ወደ ታች መልሶ እንደገና ወደ ላይ ሲስቡት ይገጥማል። ጠላቱ ካውያ ነው። የጋለ ካውያ ካረፈበት ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሲተኩሱ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው። ሦስተኛው አንድ በአንድ የተደረደረ ወፍራም የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ነው፤ የጃኬትና የስፖርት ልብስ ላይ የምናየው።

ከዚያም ጋሼ ዚፑን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያስኬደውን ራሱን ገልብጠው አሳዩኝ። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥሩ ዚፑ ሲዘጋ ጥርሱ በግምት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ይናገራል። 3 ቁጥር ለስስ ቀሚስና ለሸሚዝ ነው። 5 ቁጥር ለሱሪና ለጃኬት ይሆናል። 8 እና 10 ደግሞ ለወፍራም ካፖርት፣ ለሻንጣ፣ ለድንኳን ነው። እንደ እኔዋ ጉርድ ሰውነት ላይ ለሚጣበቅ ልብስ ከስሱ ከፍ ያለውን መያዝ ይሻላል። ይህን ሁሉ ዘመን ስሰፋ ያን ቁጥር አንድ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር!

"ስም አትዪ፣ እጅሽን እመኚ" ያሉኝም አልረሳውም። በብዙ ዚፖች ራስ ላይ "ዋይ ኬ ኬ" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ምልክት ነው፤ ጥሩ ስም አለው። ነገር ግን ሦስት ፊደል አስመስሎ ማተም የሚያቅተው የለም። ስለዚህ ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ፣ ባለሱቁ ቢያጉረመርምም፣ ዚፑን 10 ጊዜ ክፈቱት ዝጉት። መሐል ላይ አቁሙትና ሁለቱን ጎን በእጃችሁ ሳቡት። ምላሱን ወደ ታች ካስተኛችሁት በኋላ እየተንሸራተተ ከወረደ ለሱሪም ለጉርድም አይሆንም። ዘግታችሁ እጠፉት፤ ጥርሱ በማጠፊያው ላይ ከተላቀቀ መልሱለት። እንዲህ ሳደርግ አንዱ ነጋዴ "እህቴ፣ ዚፕ ነው ወይስ መኪና የምትገዢው?" ብሎኛል። ይበለኝ! ከታክሲ በር ላይ ውርደት የሱቅ በር ላይ ስድብ ይሻለኛል።

እንግዲህ በዚህ ዕውቀቴ ተኩራርቼ፣ "ከአሁን በኋላ ዚፕ አያሸንፈኝም" ብዬ ተቀመጥኩ። ያስለቀሰኝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ አርፎ ዓመቱ ሲደርስ እናታችንን ከሐዘን ልብስ የምናወጣበት ጊዜ ሆነ። "ጥቁሩን የሚያስወልቃትን ነጭ ቀሚስ ሌላ ሰው አይሰፋውም፣ እኔ ነኝ የምሰፋው" አልኩ። ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ስስ የሽመና ጨርቅ ከነጥለቱ ገዛሁ። ወገቧን ለካሁ፣ ትከሻዋን ለካሁ፣ ቁመቷን ለካሁ። ዚፑንም በተማርኩት መሠረት መረጥኩ፤ 3 ቁጥር፣ የናይለን፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ ከውጭ የማይታየውን ዓይነት። ከማጅራቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ በታች ጀርባዋ ላይ አስገባሁት። ስፌቱ ውስጥ ጥፍት ብሎ ቀረ። ያዩት ሁሉ "እንዴ፣ ይሄ ቀሚስ በየት በኩል ነው የሚለበሰው?" አሉ። እኔም ልቤ አበጠ።

በዕለቱ ጎረቤታችን ዘጋችላትና ለብሳው ወጣች። አማረባት። ዘመድ ሁሉ መረቀኝ።

ከዚያ በኋላ ቀሚሱን አላየሁትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ያንኑ አሮጌ ቀሚሷን ትለብሳለች። ፋሲካ መጣ፤ እናቴ በጥቁር ልብሷ ተቀመጠች። ወንድሜ "እማዬ ሐዘኑ አልወጣላትም" አለ። ጎረቤት "አልተጽናናችም፣ እናንተም ትታችኋታል" ብሎ አንሾካሾከ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከሐዘኗ ይልቅ ቀሚሴ ነበር የቆረቆረኝ። ሌት ተቀን የሰፋሁትን ሣጥን ውስጥ ከተተችው ብዬ አኮረፍኩ። ሁለት እሑድ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

በመጨረሻ አንድ ማታ ሄጄ አፈነዳሁት። "እማዬ፣ ካልወደድሽው ለምን አትነግሪኝም? ሰው ፊት ታሳጪኛለሽ እንዴ?" አልኳት።

ምንም አልመለሰችልኝም። ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተች፣ ቀሚሱን አውጥታ ለበሰች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። አንድ እጇን ከታች ወደ ኋላ ላከች። ዚፑን እስከ ጀርባዋ መሐል ድረስ ሳበችው። ከዚያ በላይ ክንዷ አልሄደም። ሌላውን እጇን ከላይ በትከሻዋ ልትልክ ሞከረች። ያን ትከሻዋን ከያዛት ቆይቷል፤ ከጆሮዋ በላይ አልወጣም። በሁለቱ እጆቿ መካከል አንድ ስንዝር ክፍት ጀርባ ቀረ።

"እዚህ ድረስ ነው የምደርሰው" አለችኝ። "40 ዓመት ሙሉ የበዓል ቀሚሴን የሚዘጋልኝ አባትሽ ነበር። አሁን ማንን ልጥራ? ለአንድ ቀሚስ ብዬ የሰው በር ላንኳኳ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደክመሽበት! ምን ብዬ ልንገርሽ?"

አንባብያን፣ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ያሰብኩት ስለ ዚፑ ዓይነት፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ጥርሱ ነው። የእናቴን ሰውነት በሳንቲ ሜትር ለክቼ፣ ክንዷ የት ድረስ እንደሚታጠፍ ግን አልለካሁም። የኋላ ዚፕ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። እኔ ብቻዋን ለቀረች ሴት፣ ከሐዘን አወጣታለሁ ብዬ፣ በለበሰች ቁጥር የጎደለውን ሰው የሚያስታውሳትን ልብስ ሰፍቼ ሰጠኋት።

ነገሩን ሳስበው ዚፕ ራሱ የትናንት ልጅ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ዚፕ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ጌዲዮን ሰንድባክ የተባለ ስዊድን ተወላጅ መሐንዲስ ነው። አያቴ ግን ስለ ዚፕ ግድም አልነበራትም። ቀሚሷ ሰፊ ነው፤ በራሷ ላይ አጥልቃ፣ በመቀነቷ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ትወጣለች። ማንንም አትጠራም። ቀሚሱ ሰውነት እየተከተለ ሲጠብ ነው ዚፕ የግድ የሆነው። ቅርጽ እንዲወጣለት ብለን ያጠበብን እኛ ነን፤ እንግዲህ መውጫ መግቢያውንም አስበን መሥራት ያለብን እኛው ነን።

በማግስቱ ቀሚሱን ተረተርኩት። ስተረትረው ሌላም ጥፋቴን አየሁ። ጨርቁን ሳላጥብ ነበር የቆረጥኩት። አንድ ጊዜ ሲታጠብ ጨርቁ ገባ፣ የዚፑ ጥብጣብ ግን ፖሊስተር ስለሆነ አልገባም። ስለዚህ ዚፑ እንደ እባብ ተጠማዞ ተኝቷል። የጥጥ ጨርቅ፣ በተለይ የእጅ ሽመና፣ ሳይቆረጥ በፊት ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ነው ወደ መኪና የሚሄደው። ጥብጣቡ የጥጥ የሆነ ዚፕ ካገኛችሁ ደግሞ እሱንም አብራችሁ ንከሩት፤ እሱም ይገባልና።

የተረፈኝን ጨርቅ አጥቤ ፊቱን እንደገና ቆረጥኩ፤ ጀርባውን ደፈንኩት። አዲሱን ዚፕ ከፊት፣ ከአንገቷ ሥር እስከ ወገቧ፣ በጥለቱ ጠርዝ ሥር አስገባሁት። ጥለቱ እላዩ ላይ ስለሚተኛ አይታይም። ያን የማይታየውን ዓይነት ዚፕ ተውኩት፤ ምላሱ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ናት፣ ለደከመ ጣት አትያዝም። ተራውን የናይለን ዚፕ ወስጄ ምላሱ ላይ ጣት የምታስገባ ቀለበት አንጠለጠልኩበት። ስሱ ጨርቅ እንዳይሳብ ከዚፑ ግራና ቀኝ ማጠንከሪያ ጨርቅ ደረብኩ። ገላዋን እንዳይቧጭራት ደግሞ ከውስጥ በኩል ለስላሳ ገበር አደረግኩለት።

እናንተም እቤታችሁ ለምትሰፉ፣ ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዚፕ ከመግዛታችሁ በፊት "ይህን የሚዘጋው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለባሿ ብቻዋን ናት? ትከሻዋ ይታዘዛል? ዐይኗስ ያያል? የኋላ ዚፕ የግድ ከሆነ ምላሱ ላይ ቀዳዳ ስላለ ረዘም ያለ ጥብጣብ አስራችሁ ስጧት፤ በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ትስበዋለች። ለሕፃን ልብስ ከሆነ ከዚፑ ጀርባ ሸፋኝ ጨርቅ አትርሱ፤ አገጭና ሆድ ይነክሳል።

ሁለተኛ፣ ዚፑን በጨርቁ ክብደት ምረጡ። ስስ ጨርቅ ላይ የብረት ዚፕ ከሰፋችሁ ልብሱ ወደ ታች ይጎተታል። ወፍራም ጨርቅ ላይ የናይለን ክር የምታክል ዚፕ ካደረጋችሁ የእኔ የታክሲ ታሪክ ይደገማል። ጃኬት ከሆነ ከታች ሙሉ በሙሉ የሚለያየውን ለዩና ግዙ፤ እቤት ከገባ በኋላ የተዘጋውን ማስለያየት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ልኩን ካጣችሁ ረዘም ያለውን ውሰዱ እንጂ አጭሩን አትውሰዱ። የናይለን ዚፕ ከታች በኩል ያጥራል። በሚፈለገው ቦታ ላይ ጥርሱን አጎናጽፋችሁ በክር ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ ስፉት፣ ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር አትርፋችሁ ቁረጡ። ከላይ በኩል ከቆረጣችሁ ግን ጉድ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ራሱ ከላይ እንዳለ ቆርጬ፣ ራሱ እጄ ላይ ዱብ አለ። ሁለቱ ወገኖች እንደተፋቱ ባልና ሚስት ተለያይተው ቀሩ። የማይታየውን ዓይነት ስትገዙም ከመክፈቻው ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይርዘም፤ መኪናው እስከ ጫፉ አይደርስምና።

አራተኛ፣ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት በእጅ በረጃጅም ስፌት ያዙትና አስለብሳችሁ እዩት። አንድ የእጅ ስፌት መፍታት ቀላል ነው፤ የመኪና ስፌት መተርተር ግን ጨርቁንም ዐይንንም ይጎዳል። ስትሰፉ ጨርቁን አትሳቡት፤ ከተሳበ ዚፑ ማዕበል ይሠራል።

አምስተኛ፣ ያረጀ ዚፕ ሁሉ አይጣልም። ከኋላው እየተከፈተ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የራሱ መላላት ነው። ሁለቱን ጎን በፒንሳ በቀስታ ጫን ጫን አድርጉት፤ አትጨክኑበት፣ ይሰበራል። ለሚይዝና ለማይሄድ ዚፕ ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና እሹበት፤ ለብረቱ እርሳስም ይሆናል። ከአሮጌ ጃኬትና ሱሪ ላይ ደህና ዚፕ ፈታችሁ አስቀምጡ። የእኔ የዚፕ ቆርቆሮ ዛሬ ግማሹ ከአሮጌ ልብስ የተፈታ ነው፤ አንዳንዱ ከአዲሱ ይበልጣል።

የእናቴን ነገር ልጨርስላችሁ። ለእንቁጣጣሽ ጠዋት እቤቷ ሄድኩ። ጓዳ ገብታ እየለበሰች ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ልግባና ልርዳት ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ ተውኩት። ቆሜ ጠበቅኩ። ከውስጥ አንድ ረጅም "ዝርርር" ሰማሁ፤ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው የሄደ።

ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ነጩ ቀሚስ ነው።

"አየሽ?" አለችኝ፣ "ማንንም አልጠራሁም።"

ቸር ይግጠመን።